ግልጽ ደብዳቤ፦ የአንጎል ምስሎች ተራ ይመዝገብ

ለጤና ምርምር ቁጥጥር ቢሮ ኃላፊ

የተከበሩ ኃላፊ፣

የኤምአርአይ ጥናት ሪፖርት ሲቀርብልዎ የተሳታፊዎች ብዛትና የትንተናው ዘዴ ተጽፎ ያገኛሉ። ምስሎቹ በምን ተራ ወደ ትንተናው እንደገቡ ግን ብዙውን ጊዜ አይጻፍም።

እንደ ኤፍኤስኤል ባሉ የአንጎል ምስል መተንተኛ ሶፍትዌሮች የሁሉም ሰው ምስል ተቀጣጥሎ አንድ ፋይል ይሆናል። ማን ታማሚ፣ ማን ጤነኛ እንደሆነ የሚናገረው ሰንጠረዥ ለብቻው ይዘጋጃል። የሚያገናኛቸው ተራ ብቻ ነው፤ አምስተኛው ምስል የአምስተኛው ረድፍ ነው ተብሎ ይታለፋል።

20 ሰዎች አሉ እንበል፤ ከ1 እስከ 10 ጤነኞች፣ ከ11 እስከ 20 ታማሚዎች። ኮምፒውተሩ የፋይል ስሞችን በፊደል ተራ ሲደረድር 1፣ 10፣ 11፣ 12 እያለ 19 ከደረሰ በኋላ ነው ወደ 2 የሚመለሰው። በጤነኞቹ 10 ቦታዎች ላይ እንግዲህ 2 ጤነኞችና 8 ታማሚዎች ይቀመጣሉ፤ በታማሚዎቹ ቦታ ደግሞ 8 ጤነኞች። ውጤቱ መዳከም ብቻ ሳይሆን ይገለበጣል፦ በበሽታው የሳሳው የአንጎል ክፍል የወፈረ መስሎ ይወጣል፣ የልዩነቱም መጠን በአማካይ ከእውነተኛው 60 በመቶ ይሆናል። ሶፍትዌሩ ትንፍሽ አይልም፤ 20 ምስል፣ 20 ረድፍ፣ ለእሱ ሁሉም ልክ ነው። ስሞቹ 01፣ 02 ተብለው ቢጀምሩ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ሌላው ጣጣ ቀለል ይላል። የታማሚና የጤነኛ ምድቦችን በዘፈቀደ እያቀያየሩ በሚሠሩ የስታቲስቲክስ ፈተናዎች፣ ምስሎቹና ሰንጠረዡ አብረው ተራ ቢቀይሩ እንኳ የዘፈቀደው መነሻ ቁጥር (ኮምፒውተሩ ቅይይሮቹን ማውጣት የሚጀምርበት ቁጥር) ሳይለወጥ የሚወጡት ቅይይሮች ሌላ ይሆናሉ። በ5000 ቅይይር፣ 0.05 አካባቢ ያለ ፒ-ቫልዩ (እውነተኛ ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመገኘት ዕድል፤ የተለመደው ወሰን 0.05 ነው) እስከ 0.006 ያህል ወዲህና ወዲያ ይላል። 0.048 ተብሎ የታወጀ ግኝት በሌላ ተራ 0.052 ቢሆን ሊያስገርም አይገባም። ኮምፒውተሩ ቁጥሮችን የሚደምርበት ተራ ሲለያይ የውጤቱ የመጨረሻ አሃዞች በጥቂቱ መለዋወጣቸው ግን ብዙም አያሳስብም።

ስለዚህ የተቀጣጠሉት ፋይሎች ዝርዝር በሥራው ቅጽበት በኮምፒውተሩ ተመዝግቦ ከሪፖርቱ ጋር ይቅረብ፤ በኋላ በእጅ የተጻፈ ዝርዝር አይጠቅምም። ሰንጠረዡም የመለያ ቁጥር ዓምድ ይኑረው፣ ሁለቱ ረድፍ በረድፍ ይመሳከሩ። ማረጋገጫው አጭር ነው፦ ከተቀጣጠለው ፋይል አምስተኛውን ምስል ነጥሎ፣ በአምስተኛው ረድፍ መለያ ከተሰየመው ፋይል ላይ መቀነስ። ልዩነቱ በሁሉም ነጥብ ዜሮ ካልሆነ ተራው ተፋልሷል። መነሻ ቁጥሩና የቅይይሮቹ ብዛትም ይጻፉ።

ቀድሞ የጸደቁትን እንደገና ለማየት ከታሰበ፣ ከ9 በላይ ተሳታፊ ኖሯቸው ፋይሎቻቸው ያለ መሪ ዜሮ (01 ሳይሆን 1 ተብለው) ከተሰየሙት ይጀመር።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንጎል ምስል ተንታኞች