የሕፃን መቀመጫ ሲገዛ መኪናውም ይታይ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ልጄ የወሊድ ፈቃዷን ጨርሳ ሥራ ከገባች ወዲህ፣ የስምንት ወር ልጇን ጠዋት ከገርጂ ተቀብሎ ወደ እኛ ቤት ማምጣትና ማታ መልሶ ማድረስ የእኔ ድርሻ ሆኗል። ቀድሞ ባለቤቴ ከኋላ ተቀምጣ ልጁን ታቅፈው ነበር። የመኪና መቀመጫ እንግዛለት ባልኳት ጊዜ «አምስቱንም ልጆቼን ታቅፌ ነው የተጓዝኩት፤ አንዳቸውም ምን ሆኑ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ምንም አልሆኑም። ነገር ግን ዕድሜውን ፊዚክስ ሲያስተምር የኖረ ሰው ይህን ሰምቶ ዝም ማለት አይሆንለትም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ከግንብ ጋር ቢላተም፣ በውስጡ ያልታሰረው ሰው ወደፊት የሚወረወርበት ፍጥነት ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ፣ የወደቀ ነገር መሬት ሲነካ የሚኖረው ፍጥነት ነው። ከሦስተኛ ፎቅ የሚወርድን ሕፃን ቀልቦ የሚያስቀር ክንድ የለም። ይህን ስነግራት ጥቂት ዝም ብላ «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ፣ ግዛ እንጂ» አለች።

መግዛቱ ግን ያሰብኩትን ያህል ቀላል ሆኖ አላገኘሁትም፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። በመጀመሪያ የሄድኩበት ሱቅ፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፣ ሦስት መቀመጫዎች ነበሩት። አንደኛው አዲስ ሆኖ በየትም በኩል ብገለብጠው ምንም ዓይነት የምርመራ ምልክት የለውም፤ ሻጩም የሚያወራልኝ ስለ ጨርቁ ልስላሴ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ያገለገለ ሲሆን፣ ከሥሩ ባለው ፕላስቲክ ላይ የተሠራበት ዘመን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ 2012 ተብሎ ታትሟል። አምራቾች ለእነዚህ ዕቃዎች ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ዓመት የአገልግሎት ዘመን ይሰጣሉ፤ ፕላስቲኩ በፀሐይና በሙቀት ይደክማል፣ ማሰሪያውም ይሳሳል። ከዚህም በላይ አደጋ የደረሰበት መቀመጫ ከውጭ ደህና መስሎ ቢታይም እንደገና መጠቀም አይገባም። አደጋ ደርሶበት እንደሆነ ስጠይቅ ሻጩ «ከውጭ የመጣ ነው» አለኝ። እኔ የጠየቅኩት ከየት እንደመጣ ሳይሆን ምን ደርሶበት እንደመጣ ነበር።

ሦስተኛው ብርቱካንማ ምልክት የተለጠፈበት ነው። በምልክቱ ላይ በክብ መስመር ውስጥ የላቲኑ «ኢ» ፊደልና ቁጥር ይገኛል፤ ቁጥሩ ፈቃዱን የሰጠውን አገር ያመለክታል፣ 1 ጀርመንን፣ 4 ኔዘርላንድስን እንደማለት ነው። ገዢ ሊያውቀው የሚገባው ይህ ምልክት በተባበሩት መንግሥታት ሁለት ደንቦች ሥር የሚሰጥ መሆኑን ነው። አሮጌው ደንብ ቁጥር 44 መቀመጫዎችን የሚመድበው በልጁ ክብደት ሲሆን፣ አዲሱ ደንብ ቁጥር 129 ግን በዋናነት በቁመት ይመድባል፤ ልጁም ቢያንስ 15 ወር እስኪሞላው ድረስ ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አዙሮ እንዲቀመጥ ያስገድዳል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በአሮጌው ደንብ የጸደቁ መቀመጫዎች ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሽያጭ እንዳይቀርቡ ተደርጓል፤ የተራረፉት ወደ እኛ ገበያ ቢመጡ አይደንቀኝም። ከአሜሪካ የሚመጡት ይህን ምልክት አይይዙም፤ በምትኩ የአገሪቱን የተሽከርካሪ ደህንነት ደረጃ ማሟላታቸው ተጽፎባቸዋል።

ወደ ኋላ ዞሮ መቀመጥ ለምን አስፈለገ ለሚል፣ የሕፃን ራስ የቁመቱን ሩብ ያህል ነው፣ አንገቱ ደግሞ ገና አልጠናም። ከፊት ግጭት ሲደርስ ወደ ኋላ የዞረ ልጅ ራሱን፣ አንገቱንና ጀርባውን መቀመጫው በአንድነት ይደግፍለታል፤ ወደ ፊት የዞረው ግን አካሉ በማሰሪያው ተይዞ ራሱ ብቻውን ይወረወራል። ጎረቤቶቼ «እግሩ ታጠፈ፣ አዙረው እንጂ» ይሉኛል። እግር ቢታጠፍ ልጁ አይጎዳም።

ባለ ብርቱካንማ ምልክቱን ልገዛ ከወሰንኩ በኋላ ነው መኪናዬ ትዝ ያለኝ። የምነዳው አሮጌ ኮሮላ ነው፤ ዘመናዊ መኪኖች ለሕፃን መቀመጫ ብለው የሚያበጁት አይሶፊክስ የሚባል የብረት ማያያዣ የለውም። የኋላውን ቀበቶ ብፈልግ ደግሞ ዘለበቶቹ ከዓመታት በፊት ባሰፋሁት የወንበር ልብስ ሥር ተቀብረዋል። ስንቶቻችን ነን የኋላ ቀበቶዎቻችንን በገዛ ገንዘባችን ያስቀበርነው? ልብሱን ቀድጄ ሳወጣቸው ግራና ቀኙ ደረትንም ወገብንም የሚይዝ፣ መሐሉ ግን ወገብን ብቻ የሚይዝ ሆኖ ተገኘ። የሱቁ መቀመጫ የሚታሰረው በደረትና ወገብ ቀበቶ ብቻ ስለሆነ፣ ልጁን አስቀምጥበታለሁ ብዬ ባሰብኩት መሐለኛው ቦታ ላይ አይሆንም ነበር።

በዚህ መሐል ቨርጂኒያ የምትኖረው የእህቴ ልጅ አዲስ መቀመጫ በመንገደኛ ላከችልን። ሠላሳ ደቂቃ ታግዬ በግራ በኩል ባለው ቀበቶ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት፤ በማግሥቱ ስነካው ይወዛወዛል። ደግሜ አሰርኩት፣ ደግሞ ላላ። የመመሪያውን መጽሐፍ አንድ በአንድ ሳነብ ምክንያቱን አገኘሁት። ከ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩ መኪኖች የተሳፋሪ ቀበቶ የሕፃን መቀመጫ አጥብቆ መያዝ እንዲችል የግድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀበቶው እስከ መጨረሻው ተስቦ ሲለቀቅ ጠቅ ጠቅ እያለ ይመለስና ይቆለፋል። የእኔ ኮሮላ ቀበቶ ግን መኪናው በድንገት ሲቆም ብቻ የሚይዝ ነው፤ በሌላ ጊዜ እንደ ልብ ይላላል። መፍትሔውም ከመቀመጫው ጀርባ ተሰክቶ የነበረች፣ እኔ መለዋወጫ መስላኝ የተውኳት፣ ከጣት የማትበልጥ ብረት ናት። ሁለቱን የቀበቶ ንብርብሮች አጣምራ፣ ዘለበቱ ውስጥ ከሚገባው ብረት አጠገብ ስትሰካ ቀበቶው አይንሸራተትም። አሁን መቀመጫውን ቀበቶው በሚያልፍበት በኩል ይዤ ባወዛውዘው ከ2.5 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ሊያልፍ የማይገባው ልክም ይኸው ነው። ያገለገለ መቀመጫ ያለ መመሪያው የገዛ ሰው ይህችን ብረት ከየት ያገኛታል? ቢያገኛትስ ምን እንደምትሠራ ማን ይነግረዋል?

ልጁን ራሱን ስለ ማሰር ጥቂት ልጨምር። ወደ ኋላ ለዞረ ልጅ የትከሻው ማሰሪያ ከትከሻው እኩል ወይም ዝቅ ካለ ቀዳዳ መውጣት አለበት፤ ከትከሻው ላይ በሁለት ጣት ቆንጥሬ ለማጠፍ ስሞክር የሚያዝልኝ ከሆነ ገና ላልቷል ማለት ነው። ባለቤቴ በመጀመሪያው ቀን ልጁን በጋቢ ጠቅልላ ሰጠችኝና በጋቢው ላይ አሰርኩት፤ ጋቢው ሲወጣ በማሰሪያውና በደረቱ መካከል አንድ እጅ ሙሉ ይገባ ነበር። አሁን በስስ ልብሱ ካሰርኩት በኋላ ጋቢውን ከላይ እናለብሰዋለን። ጋቢና ላይ፣ በተለይ ኤርባግ ባለው መኪና፣ ወደ ኋላ የዞረ መቀመጫ ፈጽሞ አይቀመጥም፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ የሚመታው በቀጥታ የልጁ ራስ ያለበትን የመቀመጫ ጀርባ ነው።

አስመጪዎችንና ሻጮችን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ምልክቱን አትላጡ፤ መመሪያውንና ትናንሽ ብረቶቹን ከመቀመጫው አትለዩ፤ የተሠራበትን ዘመን ገዢ ሳይጠይቃችሁ አሳዩት። የምርት ደረጃን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤትም ምልክት የሌለውን መቀመጫ ከአሻንጉሊት ለይቶ ቢያየው መልካም ነው። ገዢውም መኪናውን ይዞ ይምጣ፣ ከመክፈሉም በፊት በራሱ ወንበር ላይ አስሮ ይሞክረው። ለዚህ የሚያስፈልገው በሱቁ ደጃፍ አንድ መኪና የሚቆምበት ቦታና የሻጩ የሩብ ሰዓት ትዕግሥት ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ጡረተኛ መምህር፣ ከአዲስ አበባ