ስለ ጎበዜ የጠየቅከኝ

ልጄ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። ድሬም እንደምታውቃት ናት፤ ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ይጀምራል።

በስልክ ስለ ጦጣችን ስለ ጎበዜ ስትጠይቀኝ ሁልጊዜ «ደህና ነው» ብዬ ወሬ እቀይርብሃለሁ። ነቅተህብኛል መሰለኝ። ባለፈው «እረፍት ስወጣ ወደ ቤት እንመልሰው» ስትለኝ ግን ከነከነኝ። ይሄ በስልክ የሚያልቅ ወሬ አይደለም። ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የጻፍኩልህ።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለህ ነው በሹራብህ ጠቅልለህ ያመጣኸው። ደቻቱ ወንዝ አሸዋው ላይ ልጆች እንደሸጡልህ፣ እናትም እንደሌለው ነገርከኝ። ትዝ ይልሃል? ጸጉሩ ጥቁር፣ ፊቱ ሮዝ ነበር። የሕፃን ጦጣ መልኩ እንደዚያ ነው፤ ፊቱ የሚጠቁረው ከፍ ሲል ነው። ያኔ ይህን አላውቅም ነበር። ገና የጡት ልጅ ነበር ማለት ነው። አውራ ጣትህን ጨብጦ አልለቅም ሲል አንጀቴን በላው። ከሱቅ ጡጦ ገዝቼ የላም ወተት ሰጠሁት።

እናቱ የት ሄደች ብዬ አልጠየቅኩህም። አሁን አብራን የምትሠራው የእንስሳት ሐኪም ናት የነገረችኝ። ሕፃን ጦጣ እናቱ ሆድ ላይ ተጣብቆ ነው የሚያድገው። በፈቃዷ የምትሰጥ እናት የለችም። ልጁን ለመውሰድ ብዙ ጊዜ እናቲቱ ትገደላለች። ይህን የሰማሁ ለት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አንተ ልጅ ነበርክ፣ አልፈርድብህም። ግን ብሩን የሰጠሁህ እኔ ነኝ።

ከዚያ ያለውን ታውቀዋለህ። ትከሻህ ላይ ተቀምጦ ሳምቡሳ ሲበላ ሰፈሩ በሙሉ ይስቅ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ገና ከባጃጁ ሳትወርድ ታፏጫለህ፣ እሱ አጥር ላይ ወጥቶ ይጮኻል። አንተ ባሕር ዳር ከገባህ በኋላ በዚያ ሰዓት አጥሩ ላይ እየወጣ በሩን ያይ ነበር። ሰው ባፏጨ ቁጥር ይነሳል። ይሄንንም አልነገርኩህም፤ ፈተና ላይ ነበርክ።

አንተ ከሄድክ ዓመት ሳይሞላ ጠባዩ ተለወጠ። ወንድ ጦጣ ሲጎረምስ ክራንቻው ይረዝማል፣ ቦታውንም ያስከብራል። ዱር ቢሆን የተወለደበትን መንጋ ትቶ ሌላ መንጋ ፍለጋ የሚወጣበት ዕድሜ ነው። እሱ ግን መንጋው እኛ፣ ሀገሩም ግቢያችን ብቻ ነበር። እኔ ነኝ ያሰርኩት። ወገቡ ላይ ሰንሰለት አደረግኩበት። አንድ ቀን የጎረቤታችን ትንሿ ልጅ ዳቦ ልትሰጠው እጇን ስትዘረጋ ክንዷን ነከሳት። ሁለት ቦታ እስከ ሥጋው ድረስ ዘለቀ። በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ሩብ ሰዓት ያህል አጠብናት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ቢኖርበት መጀመሪያ የሚያድነው እሱ ነው። የሄድንበት የመጀመሪያው ጤና ጣቢያ ክትባቱ አልነበረም። ሁለተኛው ጋ አገኘን። ልጅቷ ተርፋለች፣ ጠባሳው ግን አለ። እናቷ ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት አንዱ «መርዝ ስጪው» አለኝ። አንዱ ደንገጎ ተራራ ወስደሽ ልቀቂው አለኝ። ለማድረስ መኪና እስከ መጠየቅ ደርሼ ነበር። ደግነቱ ከመሄዴ በፊት ሐኪሟን አገኘኋት። «እማማ፣ ቢለቁት በሁለት ቀን ይሞታል» አለችኝ። የማያውቀው መንጋ ይነክሰዋል፣ ወይም ሰው ለምዶ ሰው ቤት ይገባና በድንጋይ ይገደላል።

ሐኪሟና አብረዋት የዱር እንስሳ የሚያስታምሙት ሰዎች በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሁለት የእንስሳት ሐኪሞች፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ የባጃጅ ሹፌር፣ ጥቂት ተማሪዎች። ደመወዝ የላቸውም። መምህሩ በማንጎ እርሻቸው ጫፍ ላይ ቦታ ሰጥተው የሽቦ ቤት ሠርተዋል። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያውቃቸዋል፤ በሕግ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝ ክልክል ነው። እኔ ስንት ዓመት ሳላውቅ ሕግ ስጥስ ኖርኩ።

ጎበዜን ሊወስዱት ሲመጡ ሰንሰለቱን የፈታሁት እኔ ነኝ። ከሥሩ ጸጉር የሚባል አልነበረም። ቆዳው ዙሪያውን ተልጦ አንድ ቦታ ላይ ቆስሎ እርጥብ ሆኗል። በየቀኑ እያበላሁት አላየሁትም። በሣምንቱ ልጠይቀው ሄድኩ፣ ከዚያ ወዲያ አልቀረሁም።

ሥራው እንደምታስበው እንስሳ ማቀፍ አይደለም። አብዛኛው ኩስና ሽንት መጥረግ፣ ፍራፍሬ መክተፍ፣ ፎጣ ማጠብ ነው። ከሁሉ የከበደኝ እጅን መሰብሰብ ነው። ባለፈው ወር ልጆች ክንፏ የተሰበረ ጭላት አመጡ። እኔ ቶሎ ብዬ ውሃ በአፏ ላንጠባጥብላት ነበር። ሐኪሟ እጄን ያዘችኝ። የወፍ መተንፈሻ ቀዳዳ ምላሷ ሥር ነው፣ ውሃው ሳንባዋ ይገባል። በቀዳዳ ካርቶን ውስጥ፣ ጨለማ ቦታ፣ ያለ ወሬ ማስቀመጥ ብቻ። ወፍ ስንደባብሳት ዝም የምትለው ተመችቷት ይመስለናል፤ ፈርታ ነው። ክንፏ ታስሮ ተኝታ ስትከርም ማንም አልነካትም። አሁን ትበራለች። ቀፊራ ገበያ ሥጋ ቤቶቹ ላይ ከሚያንዣብቡት አንዷ እሷ ትሆናለች።

ኤሊም አለች። ገመድ ሊያስሩባት እንደ ድንጋይ የጠጠረ ቅርፊቷን በብረት በስተዋታል። እኔ ቅርፊቱ እንደ ቤት የምትሸከመው ነገር ይመስለኝ ነበር። አጥንቷ ነው ለካ፤ የጎድን አጥንቷና አከርካሪዋ አብረውት የተሠሩ ናቸው፣ ያማታል። ያየሁት ቁስል ሁሉ በሰው ፍቅር የመጣ ነው፤ ልጆቹ ኤሊዋን ሊጎዷት አይደለም፣ እንዳትጠፋባቸው ነው።

የአቦሸማኔ ግልገሎችን ነገርማ ባልሰማሁት ይሻለኝ ነበር። በእኛ አቅጣጫ፣ በሶማሌ በረሃ አድርገው፣ በጀልባ ወደ ዓረብ ሀገር ያሻግሯቸዋል። ሀብታም ቤት መኪና ላይ አስቀምጦ ፎቶ ሊነሳባቸው። ሐርጌሳ አካባቢ የተያዙትን የሚያሳድግ ማዕከል አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በዓለም ዱር ውስጥ የቀሩት 7,100 ያህል ብቻ ናቸው ብሏል። እናቲቱ ብቻዋን ዓመት ተኩል ያህል ታሳድጋቸዋለች፤ አደን የምታስተምራቸው እሷ ናት። በጡጦ ያደገ ግልገል ማን ያስተምረዋል? ሥጋ ብቻ ያለ አጥንት ሲበላ ያደገ ደግሞ እግሩ ይጎብጣል። ስልክህ ላይ እንደዚህ ያለ ቪዲዮ ሲመጣልህ አትውደደው ልጄ፣ ለጓደኛም አትላከው።

አሁን ወደ ጎበዜ ልመለስ። ከሌሎች ሦስት ጦጣዎች ጋር ነው፤ አንዲት አሮጊትና ሁለት ልጆች። መጀመሪያ ላይ ፈርቶ ጥግ ይዞ ይቀመጥ ነበር። ጦጣ ለነብር፣ ለንስርና ለእባብ የተለያየ ጩኸት አለው። ለንስር ሲጮሁ ሁሉም ወደ ሰማይ አይቶ ቁጥቋጦ ሥር ይገባል። ለእባብ ሲሆን ቆሞ መሬቱን ያያል። ልጆቹ ከትላልቆቹ እያዩ ነው በደንብ የሚለዩት። ጎበዜ ከእኛ ምን ይማር? አንድ ቀን ንስር ሲያልፍ ሦስቱ ሸሽተው ሲገቡ እሱ ሽቦውን ይዞ እኔን ያየኛል። እኔ ነገሩን እንድነግረው። ዞሬ ሄድኩ። ሄጄ ከማንጎው ጀርባ አለቀስኩ።

ከወር በኋላ አሮጊቷ ጸጉሩን ትለቅምለት ጀመር። መጀመሪያ ጀርባውን፣ ከዚያ ያንን የሰንሰለት ቦታ። ዓይኑን ጨፍኖ ተጋደመላት። አራት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ተጋድሞ አይቼው አላውቅም። ባለፈው ረቡዕ ደግሞ ለንስር ሲጮሁ እሱም ገባ። ዘግይቶ ቢሆንም ገባ። ዱር ይመለስ አይመለስ ሐኪሞቹ ገና አልወሰኑም። ሰው በጣም ስለለመደ ዕድሜ ልኩን እዚያው ሊቀር ይችላል። እኔ አሁን ምግቡን በሌላ በኩል ነው የማስገባው፣ እንዳያየኝ።

ስለዚህ ወደ ቤት አንመልሰውም። ስትመጣ ግን አብረን እንሄዳለን። አዲስ የሽቦ ቤት እየሠሩ ነው፤ ብየዳ ስለምትችል ይፈልጉሃል። አሮጌ ፎጣና አንሶላ ካለህ፣ ከጓደኞችህም ሰብስበህ አምጣልኝ። ራቅ ብለህ፣ ከማንጎዎቹ ጥላ ሥር ሆነህ ታየዋለህ። አድጓል፣ ታውቀዋለህ።

ብቻ እንዳታፏጭ።

እናትህ
ድሬዳዋ