ስኳር ላለብን ወጣቶች በአንድ ቀን ቀጠሮ ስጡን

ውድ አዘጋጅ፣

ኅዳር ላይ የዓለም የስኳር ቀን ሲደርስ ጋዜጦች ላይ የሚወጣው ፎቶ ብዙ ጊዜ የሸመገለ ሰው ነው። እኔ 23 ዓመቴ ነው። ስኳር ከያዘኝ ደግሞ 10 ዓመት ሞላኝ።

ኮምቦልቻ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ክትትሌ ግን ደሴ ነው። በቀጠሮዬ ቀን በባዶ ሆድ ተነስቼ፣ ዳቦና ከረሜላ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ በሚኒባስ ዳገቱን እወጣለሁ። አግዳሚው ላይ የሚጠብቁት እናቶችና አባቶች ናቸው። «ማንን ይዘሽ መጣሽ?» ይሉኛል። ራሴን። «ውይ ልጄን! ጣፋጭ አብዝተሽ ነዋ!» የእኔ ታይፕ ዋን የሚባለው ነው። ሰውነቴ ራሱ ተሳስቶ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን የቆሽት ሕዋሳት አጥፍቷቸዋል። ከጣፋጭ ጋር አይገናኝም። ግን በየቀጠሮው ይሄን ማስረዳት ስለሚደክም «አዎ እማማ» ብዬ ዝም እላለሁ።

የዛሬ ሦስት ዓመት አጠገቤ ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ ተቀመጠች። በዕድሜ ታናሼ ናት፤ በስኳር ግን ታላቄ። የያዛት ገና በ4 ዓመቷ ነው። ስኳሬ አንድ ቀን ወርዶ 60፣ አንድ ቀን ወጥቶ 400 እየሆነ እንዳስቸገረኝ፣ ሐኪሙም «ምግብሽን አትጠነቀቂም» ብሎ እንደተቆጣኝ አጫወትኳት። ስለ ምግቡ ምንም አላለችኝም። «የት ነው የምትወጊው?» አለች። ሆዴ ላይ፣ ከእምብርቴ በስተቀኝ። ሁሌም እዚያው፤ አያመኝማ። እጄን ይዛ ሽንት ቤት አስገባችኝና ቦታውን በጣቷ ዳበሰችው። እንደ ድንች ደድሯል።

«የማያምሽ ስለደደረ ነው። እዚህ ከወጋሽ መድኃኒቱ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ እዚያው ይቀራል።»

ሲስተሯ አይታ ልክ ናት አለች። የምወጋበትን ቦታ ስቀይር ሐኪሙም የኢንሱሊኑን መጠን ቀነሰልኝ። ለካ ጤነኛ ቦታ ላይ በድሮው መጠን ብወጋ ስኳሬ ክፉኛ ሊወርድ ይችል ነበር። በሰባት ዓመት ውስጥ «እስቲ ልብስሽን ግለጪ» ያለኝ ሰው አልነበረም።

ኮምቦልቻ ይሞቃል። መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊኔን በሁለት የሸክላ ማሰሮ፣ አንዱን በሌላው ውስጥ አድርጌ፣ በመሃላቸው እርጥብ አሸዋ ጠቅጥቄ እንዳቆይ የነገረችኝም እሷው ናት። ደግሞ እዚያ እናቶች መሃል የማይወሩ ነገሮች አሉ። ለወንድ ጓደኛ መቼ ነው የሚነገረው? መውለድ እንችላለን? ከክፍል ጓደኛ ተደብቆ እንዴት ይወጋል? ሹክሹክ ስንል ተራዋ ደረሰና ተጠራች። ስልክ አልነበራትም። ዳግመኛ ያገኘኋት ከስምንት ወር በኋላ ነው፤ ያውም በአጋጣሚ። የእሷ ቀጠሮ ማክሰኞ፣ የእኔ ሐሙስ ይውላል።

የምጠይቀው አዲስ ሕንፃ አይደለም። ከ25 ዓመት በታች ያለነውን በአንድ ቀን ቅጠሩን፣ በቃ። ወረፋው ራሱ ስብሰባ ይሆናል። ይሄ ነገር ለአገራችን አዲስ አይደለም። በኤች አይ ቪ ጊዜ የእናቶች ድጋፍ ቡድን ተቋቁሞ፣ ቫይረሱ ያለባት እናት ሌላዋን ስታበረታታ አይተናል። ለስኳር ሲሆን ለምን ይከብዳል?

አንዲት ሲስተር ብቻ አብራን ትቀመጥ። እኛም እንሳሳታለን። አንዱ ልጅ «ጠበል ስለጀመርኩ መርፌውን ትቻለሁ» ብሎኝ ደንግጫለሁ። ጠበል እኔም እሄዳለሁ፤ ኢንሱሊኔን ይዤ። ታይፕ ዋን ያለበት ሰው ኢንሱሊን ካቆመ በቀናት ውስጥ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። ያን ቀን የምለው ጠፍቶኝ «ተው እባክህ» ብቻ አልኩት። ሲስተር ብትኖር የምትለው አታጣም ነበር።

ስሜን አታውጡት፤ አሠሪዬ አታውቅም። መርፌዬን የምወጋው ከመጋረጃ ጀርባ፣ ካርቶን መሃል ቆሜ ነው።

ቀጣዩ ቀጠሮዬ እንደተለመደው ሐሙስ ነው። የእሷ አሁንም ማክሰኞ ነው አሉ።

አንባቢያችሁ፣ ከኮምቦልቻ