የፎቶግራፍ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ያገለገለ ካሜራ ስንመርጥ

ክበባችን ዘንድሮ ብዙ ጊዜውን የሰጠው ለአንድ ጉዳይ ነው፤ ያገለገለ የፊልም ካሜራ መርጦ ለመግዛት። ወላጆች ያዋጡልን ገንዘብ ለአንድ ካሜራና ለጥቂት ጥቅል ፊልም ብቻ የሚበቃ ስለነበር ደጋግሞ ማየት ግድ ነበር።

የተማሪዎቹ ልብ መጀመሪያ ያረፈው በካኖን ኤኢ-1 ላይ ነው። መልኩ ያምራል፣ ስሙም የታወቀ ነው። ነገር ግን ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያስገባው መዝጊያው በኤሌክትሮኒክስ ስለሚሠራ ባትሪው ካለቀ ፎቶ አያነሳም፤ ሰርኪዩቱ ከተቃጠለም መለዋወጫ ማግኘት ፈተና ነው። ለትምህርት ቤት የሚሆነው በስፕሪንግና በባለጥርስ ጎማ ብቻ የሚሠራው ነው ብዬ አጥብቄ ተከራከርኩ። በመጨረሻ የሶቪየቱ ዜኒት-ኢ እና የጃፓኑ ፔንታክስ ኬ1000 ቀሩ።

ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ጀርባቸውን ከፈትን። ፔንታክሱ በፈጣኖቹ የመዝጊያ ፍጥነቶች ላይ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ወደ 1 ሰከንድ ስናወርደው ግን የመዝጊያው መጋረጃ ተከፍቶ ቀረ። ቅባት ሲያረጅ ይደርቃል፤ መጀመሪያ የሚይዘውም ዝግተኞቹን ፍጥነቶች የሚቆጣጠሩትን ጥርሶች ነው። በበሩ ጠርዝ ያለው ብርሃን መከላከያ ስፖንጅም እንደ ሬንጅ ቀልጦ ጣታችን ላይ ተጣበቀ። ተማሪዎቹ ወዲያው «ይቅርብን» አሉ።

ዜኒቱ ንጹሕ ይመስል ነበር። ፍጥነቶቹ ከ1/30 እስከ 1/500 ሰከንድ ብቻ ስለሆኑ የሚደነቃቀፍ ዝግተኛ ፍጥነት የለውም፤ ብርሃን መለኪያውም ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ በሚሰጥ ሴሌኒየም ስለሚሠራ ባትሪ አይጠይቅም። ክፍሉን አጨልመን ሌንሱን ፈታንና በጨርቁ መጋረጃ ላይ የእጅ ባትሪ አበራን። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ከኋላ ሆና እያየች ሳለ መርፌ የወጋው የሚያህል ነጥብ አገኘች። እንዲህ ያለ ቀዳዳ ፊልሙ ላይ ብርሃን ያስገባል፤ መጋረጃ ማስቀየር ደግሞ ከካሜራው ዋጋ ይበልጣል።

ያገለገለ ካሜራ እንከን አያጣም፤ ዋናው የሚጠገን መሆኑ ነው። የፔንታክሱ ሌንስ ሻጋታ አልነካውም፣ መጋረጃውም ደህና ነው። የዝግተኛውን ፍጥነት ችግር ለሻጩ አሳይተን ዋጋ አስቀነስንና ገዛነው፤ በቀሪው ገንዘብ ጠጋኝ የደረቀውን ቅባት አጠበልን፣ ስፖንጁንም እኛው ቀየርን።

ኬ1000 ባትሪ የሚፈልገው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ነው። ማጥፊያ ግን የለውም፤ ክዳኑ ሌንሱ ላይ ካልተደረገ ባትሪውን ይጨርሳል። ስለዚህ ተማሪዎቹ ማኅደሩ ላይ «ክዳን!» ብለው ጽፈዋል። ያለ መለኪያ ማንሳትንም ተለማምደዋል፦ ጠራራ ፀሐይ ላይ ለብርሃን ያለው ስሜት 100 የሆነ ፊልም ከሆነ የሌንሱን መክፈቻ 16 ላይ፣ የመዝጊያውን ፍጥነት 1/125 ላይ ማድረግ። በስፖርት ቀን ያነሷቸው ፎቶዎች ቤተ መጻሕፍቱ ኮሪደር ላይ ተሰቅለዋል፤ የሩጫው መነሻ የተነሳበትን እንድታዩት እጋብዛለሁ።

በመጪው ዓመት ጥቁርና ነጭ ፊልም ራሳችን ማጠብ እንጀምራለን። ቁም ሣጥን ውስጥ የተረሳ የፊልም ካሜራ ያላችሁ ወላጆች፣ ዘይት ሳትጨምሩበት እንዳለ ላኩልን፤ ተማሪዎቹ መርምረው ያለበትን ሁኔታ ጽፈው ይመልሱላችኋል።