አብዛኞቹ ፍቅረኛ ተከትለው ነው የዘመቱት ያላችሁ ማነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ወንድ መስለው ስለዘመቱ ሴቶች ያወጣችሁትን ጽሁፍ ርዕሱን አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር የከፈትኩት። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን «አብዛኞቹ የሚወዱትን ወንድ ተከትለው ነው» የምትል ነገር ጣል ተደርጋለች። ስም የለ፣ ማስረጃ የለ፣ ዝም ብሎ ጣል። ሌላ ሌላውን ልለፈው፣ ይቺን ግን አላልፋትም።

ባሏን ፍለጋ የዘመተች የለችም አልልም። ክርስቲያን ዴቪስ የምትባለዋ አየርላንዳዊት ባሏ ጠፍቶባት ነው የወንድ ልብስ ለብሳ እንግሊዝ ጦር ውስጥ የገባችው፣ እሺ እሷን ውሰዱ። ግን እሷም ባሏን ካገኘችው በኋላ በል ወደ ቤታችን አላለችም፣ ወንድማማች ነን ብለን እንኑር ብላው ውትድርናዋን ቀጠለች እንጂ፣ በ1706 (የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ራሚዬ በምትባል የዛሬዋ ቤልጂየም ቦታ ውጊያ ላይ ቆስላ ሐኪሞች እስኪያውቁባት ድረስ። ባል ብቻ ቢሆን ጉዳይዋ ያገኘችው ቀን ያልቅ ነበር እኮ።

ሩሲያዊቷ ናዴዥዳ ዱሮቫስ? በ1806 ከአባቷ ቤት ሾልካ ወጥታ ኮሳክ ከሚባሉት የሩሲያ ፈረሰኛ ወታደሮች ጋር ስትቀላቀል ባልም ልጅም ነበራት። ጥላቸው ነው የሄደችው! ሣራ ኤድመንድስም አባቷ ሊድራት ሲያስብ ነው ከካናዳ ጠፍታ ወንድ መስላ መጽሐፍ ቅዱስ እያዞረች መሸጥ የጀመረችው፣ ይሄ ሁሉ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከመጀመሩ በፊት ነው፣ በ1861 ፍራንክሊን ቶምፕሰን ነኝ ብላ ሚሺጋን ሁለተኛ እግረኛ ሬጅመንት ስትመዘገብ ሱሪውን ለምዳዋለች። ከሰርግ ያመለጠችን ሴት ፍቅረኛ ተከታይ ማድረግ መቼም ተሰጥኦ ይጠይቃል፣ ዘጋቢያችሁን አደንቃለሁ።

ከሁሉም የገረመኝ ግን ገንዘብ የሚባል ነገር ጽሁፋችሁ ውስጥ አንዴም አለመነሳቱ ነው። በዚያ በአሜሪካው የእርስ በርስ ጦርነት መጀመሪያ ላይ ተራ ወታደር በወር 13 ዶላር ይከፈለዋል፣ ሴት ደግሞ በሰው ቤት አጥባና ጠርጋ ይህን አታገኝም። ሮዜታ ዌክማን የዘጠኝ ልጆች ታላቅ ናት፣ አባቷ ዕዳ አለበት፣ በ19 ዓመቷ ወንድ መስላ ጀልባ ላይ ስትሰራ ቆይታ በ1862 ላየንስ ዌክማን ተብላ ተመዘገበች፣ የምዝገባ ጉርሻ ብቻ 152 ዶላር ተሰጣት። ደብዳቤዎቿ ዛሬም አሉ። ለቤተሰቧ ብር እየላከች ልብስና የሚበላ ግዙበት ነው የምትለው። በ1864 ኒው ኦርሊንስ ሆስፒታል ውስጥ በተቅማጥ በሽታ ሞተች፣ እዚያው በወንድ ስሟ ተቀበረች። ጥይት እንኳን አልገደላትም። ታዲያ የቱ ፍቅረኛ ነው?

ጭራሽ የረሳችኋት ደግሞ አለች፣ ካቴይ ዊሊያምስ። በባርነት የተወለደች ጥቁር ሴት ናት፣ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1866 ዊሊያም ካቴይ ተብላ 38ኛው እግረኛ ሬጅመንት ገባች፣ በ1868 ሐኪም አውቆባት ተሰናበተች። ራሷ በሰጠችው ቃል የአክስቷ ይሁን የአጎቷ ልጅ ብቻ አንድ ዘመዷና አንድ ጓደኛዋ ሬጅመንቱ ውስጥ እንደነበሩ፣ ለመግባቷም በከፊል ምክንያት እነሱ እንደሆኑ ተናግራለች። እዚህ ጋ ዘጋቢያችሁ «በቃ ይኸው!» ሊል ይችላል፣ ግን ሴትየዋ እዚያው ቀጥላ የራሴን እንጀራ ራሴ ላገኝ፣ የዘመድ የጓደኛ ጥገኛ ላልሆን ብዬ ነው ብላለች። ሁለተኛውን ምክንያት ዘሎ የመጀመሪያውን መልቀም የናንተ ሥራ ነው። ብቻ በ1891 ጡረታ ብትጠይቅ ከለከሏት።

ምን እንዲህ አንገበገበሽ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ራሴ ወታደር ነበርኩ፣ የሬዲዮ ኦፕሬተር። ማንንም አልመሰልኩም፣ በስሜ በሴትነቴ ነው የተመዘገብኩት። ጡረታዬን ላስጨርስ አንድ ቢሮ ስሄድ (ስሙን አልጠራም) ልጁ ፋይሌን ሳይከፍት «የባለቤትሽን የሞት ምስክር ወረቀት አምጪ እናቴ» አለኝ። ባለቤቴ እኮ በሕይወት አለ፣ አስተማሪ ነው፣ ከጠመኔ ሌላ ይዞ አያውቅም! የስንብት ወረቀቴን አውጥቼ ፊቱ ዘረጋሁለት፣ በእስክሪብቶው ጫፍ ወደኔ መልሶ ገፋውና «ይሄ የሳቸው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፣ ወረቀቱ ላይ የኔ ፎቶ ተለጥፎ እያለ! ምስክር አምጪ ተባልኩ፣ አብረውኝ የነበሩትን ለመፈለግ ስንት ደጅ ጠናሁ። ሰርግ ላይ ለቅሶ ላይም ውትድርና ነበርኩ ስል ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ማንን ተከትለሽ?» ነው። እንግዲህ ይህን ጥያቄ ሰው ከየት እንደሚማረው ባለፈው አየሁት።

ኤድመንድስም ምስክር ተብላ ነበር፣ የድሮ ጓዶቿ መስክረውላት ነው በ1884 የአሜሪካ ምክር ቤት በወር 12 ዶላር የፈቀደላት። እነዚያ ሽማግሌዎች ሲመሰክሩ አብራን አገልግላለች ነው ያሉት። ጡረታውም የተፈቀደላት ለአገልግሎቷ ነው፣ የእገሌ ወዳጅ ስለነበረች አይደለም።

ስለዚህ እርማት አውጡ፣ ከታች ጥግ ላይ ሳይሆን ጽሁፉ በወጣበት ቦታ። ያቺን አረፍተ ነገር ሰርዟት፣ ካልሰረዛችኋት ደግሞ ስም ዝርዝር ጨምሩና አብረን እንቁጠር። ካቴይ ዊሊያምስንም አስገቧት። ወንድና ሴት ተቃቅፈው የሚታዩበትን ሥዕልም አንሱልኝ፣ የዩኒፎርም ፎቶ ጠፍቶ ነው?

ከሰላምታ ጋር፣
የቀድሞ ወታደር (ባለቤቴ አስተማሪ ነው)