ለልጄ፣ የምርመራው ውጤት ከደረሰ በኋላ

ውድ ልጄ፣

የላክሽልኝን የምርመራ ወረቀት ደጋግሜ አየሁት። እንቁላል የሚያፈራውን ኦቫሪ ከሚያነቃቃው ሆርሞን፣ ከኤፍኤስኤች ትይዩ 41 ተጽፎ ከፍ በማለቱ በቀይ ተሰምሮበታል፤ የቀረውን እንቁላል ብዛት የሚጠቁመው ኤኤምኤች ደግሞ መሣሪያው ሊለካው ከሚችለው በታች ወርዷል። ገና 31 ዓመትሽ ነውና መደንገጤን አልሸሽግሽም። ሆኖም ሐኪምሽ እንዳስረዳችሽ ኦቫሪሽ ያለ ጊዜው ደከመ እንጂ ሥራውን ጨርሶ አላቆመም፤ አንዳንዴ ሳይታሰብ እንቁላል ይለቃል። እንዲህ ካሉ ሴቶች መካከል ከ100 ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ያለ ሕክምና ያረግዛሉ። ይህን ዕድል ብቻ እየጠበቅሽ ዓመታትሽን እንድታሳልፊ ግን አልመክርሽም።

ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንሽ የታዘዘልሽን ሆርሞን እንዳታቋርጪ ነው። ማርገዝ እየፈለግሽ ለምን እንደምትወስጂው መጠየቅሽ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ይህ ምትክ ሆርሞን ከወሊድ መከላከያ ክኒን የተለየ በመሆኑ እርግዝናን አይከለክልም። ኦቫሪ የሚያመነጨውን ኢስትሮጅን የተባለ ሆርሞን ያጣች ወጣት ሴት አጥንቷ ይሳሳል፣ ልቧም ለሕመም ይጋለጣል፤ ስለዚህ ሕክምናው በተፈጥሮ የማረጥ ዕድሜ እስኪደርስ፣ ማለትም እስከ 50 ዓመት ገደማ ይቀጥላል። ሰው ሁሉ ስለ ልጅ ሲያወራ የአንቺ ጤና መዘንጋቱ ያበሳጨኛል።

ከመንገዶቹ ሁሉ የተሻለ ውጤት የሚሰጠው በለጋሽ እንቁላል ማርገዝ ነው። የወጣት ለጋሽ እንቁላል ከባለቤትሽ ዘር ጋር ከማህፀን ውጭ ይዳቀልና ሽሉ በሆርሞን ወደተዘጋጀው ማህፀንሽ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በዚህ መንገድ ልጅ ከወለዱት ቀዳሚ እናቶች አንዷ እንደ አንቺ ኦቫሪዋ በወጣትነቷ የደከመባት ሴት ነበረች። የመሳካት ዕድሉን በይበልጥ የሚወስነው የለጋሿ ዕድሜ ነው። በእንዲህ ያለ እርግዝና ደም ግፊት የመከሰት አደጋው ከፍ ስለሚል፣ አንድ ሽል ብቻ እንዲገባልሽ ጠይቂ፤ ከእርግዝናው በፊትም ታይሮይድሽና አድሬናል ዕጢሽ ይመርመር። የክሮሞዞም ምርመራው ተርነር ሲንድረም፣ ማለትም አንዱ ኤክስ ክሮሞዞም የጎደለበትን ሁኔታ ካሳየ ደግሞ እርግዝና ለዋናው የደም ቧንቧ አደገኛ ሊሆን ስለሚችል፣ ልብሽ ሳይታይ ምንም አትጀምሪ።

በራስሽ እንቁላል ለመሞከር ኦቫሪን የሚያነቃቃውን መድኃኒት መጠን ማብዛት፣ የቀረው ጥቂት ከሆነ፣ እንቁላል አይፈጥርም። ከራስሽ ደም ተለይቶ የወጣ ፕላዝማ (የደም ፈሳሽ ክፍል) ኦቫሪ ውስጥ በመውጋት ያድሱታል የሚሉሽ ካሉም ጥቅሙ ገና ስላልተረጋገጠ ገንዘብሽንም ተስፋሽንም አትስጫቸው። ማደጎም ቢሆን ሙሉ እናትነት ነው፤ ከመረጥሽው በደስታ እቀበለዋለሁ።

ታናሽ እህትሽ እንቁላሏን ልትሰጥሽ መፈለጓን ነግራኛለች። ልቧን እወዳለሁ፤ ነገር ግን ኤፍኤምአር1 በተባለው ዘረ መል ላይ ያለ ለውጥ ኦቫሪን ያለ ጊዜው ሊያደክም፣ በቤተሰብም ሊተላለፍ ይችላል። ያንቺ ውጤት ለውጡን ካሳየ እርሷም ትመርመር፤ ከተገኘባት ለጋሽ መሆን አይገባትም፣ የራሷን እንቁላል ግን ጊዜ ሳለ ማስቀዝቀዝ ትችላለች። ስለዚህ ቃል ከመግባቷ በፊት ውጤትሽን እንድትጠብቅ ነግሬያታለሁ። ለዘረ መል ምርመራው ቀጠሮ ሲያዝልሽ ቀኑን አሳውቂኝ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ።

እናትሽ