ለወንድሜ፦ ስለ ሐይቅ አስጋሪዎች

ደሴ

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ቤተሰብህስ እንዴት ነው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። ይህን ያህል ዘመን ሳንጻጻፍ ቆይተን ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ፣ አጎቶችህ ልጆቻቸውን ያሳደጉበት፣ እዚሁ ደሴ አቅራቢያ ያለው የሐይቅ ሐይቅ ዓሣ ጥበቃ ጉዳይ ነው።

እንደምታውቀው ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚባለው ዓሣ በ1970 ዓ.ም. ግድም ከሌላ ቦታ መጥቶ በሐይቁ የተለቀቀ ነው፤ ዛሬ ግን በዐቢይ ጾም የደሴ ገበያ የሚጠብቀው እሱን ነው። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቿም አደጋ ሲያዩ ተመልሰው ወደ አፏ ይገባሉ። ስለዚህ በመራቢያዋ ወቅት ከዳር በሚጎተት፣ ዓይኑ በጠበበ መረብ አንዲቱን እናት ያወጣ ሰው የከርሞውን ዓሣ አብሮ አውጥቷል።

ዓሣ ማስገርን የሚቆጣጠረው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ዘመን ተቆጥሯል። ሆኖም መረቡን በብድር የገዛን የልጆች አባት «አታስግር» ብሎ ማሰናበት፣ በቀን የተከለከለውን በሌሊት እንዲያደርገው መግፋት ይመስለኛል። ጥበቃው የሚጸናው አስጋሪው ራሱ ሲወስነውና ማስገር በሚቆምባቸው ወራት የሚበላው ሲኖረው ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ።

በደቡብ ምዕራብ ማዳጋስካር የምትገኘው የአንዳቫዶአካ መንደር ነዋሪዎች በ2004 እ.ኤ.አ. ኦክቶፐስ (ስምንት ክንድ ያለው የባሕር እንስሳ) ከሚይዙበት የባሕር ክፍል አንዱን ብቻ ለወራት ዘግተው፣ በሌላው መሥራታቸውን ቀጠሉ። ሲከፍቱት ያደገና ክብደት ያለው ኦክቶፐስ በማግኘታቸው ሌሎች የዳርቻው መንደሮችም ተከተሏቸው። ኦክቶፐስ በጥቂት ወራት የሚያድግ ፍጥረት ስለሆነ ከቆሮሶ ያንኑ ፍጥነት መጠበቅ አይገባም፤ ለአስጋሪዎቹም ይህን አስቀድሞ በግልጽ መንገር ያስፈልጋል፤ አለዚያ በመጀመሪያው ዓመት ተስፋ ይቆርጣሉ።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ አስጋሪዎቹ ተሰብስበው እናቶቹ ከሚጠጉበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ አንዱን ይምረጡ፤ የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ቀንም ራሳቸው ይቁረጡ። ዋጋ በሚወደድበት በጾሙ ወራት ከሽያጩ ጥቂት ጥቂት በእቁብ መልክ ቢያስቀምጡ፣ ዳርቻው በተዘጋ ጊዜ ገቢው የሚጎድልበትን ቤት ይደግፉበታል። ዓሣ ገዝተን የምንበላ የደሴ ሰዎችም ጣት የማታክል ቆሮሶ ስትቀርብልን አንገዛም ማለት አለብን፤ ገዢ ያጣ ጠባብ መረብ ወደ ውሃ አይወርድም።

አጎቶችህ ከእኔ ይልቅ ያንተን ቃል ይሰማሉ። እባክህ ጾሙ ሳይገባ ደውልላቸውና የትኛው ዳርቻ ቢዘጋ እንደሚሻል ጠይቃቸው፤ መልሳቸውንም ጻፍልኝ።

ወንድምህ